ሰገባ የሌለው ገጀራ

ገጀራው አሁንም አለ። ጓሮውን የሚያጸዳልኝ ሰው ሲመጣ ከማድ ቤቱ በር ጀርባ አውጥቼ እሰጠዋለሁ። በመሞረድ ብዛት ጠቧል፤ ሲገዛ አራት ጣት ስፋት የነበረው ዛሬ ሦስት ጣት አይሞላም። ባለፈው የመጣው ሰውዬ ግራ ቀኝ አገላብጦ አየውና፣ "እማማ፣ ይሄን ጥለው አዲስ አይገዙም? ርካሽ እኮ ነው" አለኝ።

"አይቆርጥም?"

"መቁረጡንማ ይቆርጣል።"

"እንግዲያው ቁረጥበት" አልኩት። ስለ ገጀራው ከዚህ የበለጠ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

የተገዛው በደርግ ጊዜ ነው። ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ እሠራ ነበር። የምኖረው መካኒሳ፣ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ነው። እናትና አባታችን ቀደም ብለው ስላረፉ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ጋሼ ነበር የምለው። የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው። ቤታችን ሁለት ክፍል ነበረች፤ ጓሮዋ ግን ሰፊ ነው፤ ከጓሮው ወዲያ የገበሬ ማሳ ይጀምራል። ለቡም ፉሪም ያኔ ጤፍ የሚዘራባቸው ቦታዎች ነበሩ።

ወንድሜ ከዚያ በፊት ታስሮ ነበር። ስምንት ወር ቆየ። ለምን እንደታሰረ አልተነገረንም፤ ሲፈታም ለምን እንደተፈታ አልተነገረንም። ዋስ ያስፈልጋል ተባለና ዋሱ እኔ ሆንኩ። የፈረምኩበት ወረቀት ሦስት መስመር ብቻ ነበር። ወደፊት በእሱ ላይ ወይም በቤቱ ሰው እጅ "አንዳች ነገር" ቢገኝ እሱ ተመልሶ እንደሚገባ፣ እኔም እንደምጠየቅ ይላል። አንዳች ነገር ማለት ምን እንደሆነ አልተጻፈም። ሥራዬ ወረቀት ነውና ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ምንነቱ ካልተጻፈ ማናቸውም ነገር ሊሆን እንደሚችል የገባኝ ያን ቀን ነው።

ከእስር ከወጣ በኋላ ወንድሜ የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር ከመቀመጫው ይነሳ ነበር። ወደ በሩ ግን አይሄድም። ዝም ብሎ ይቆማል። የምከፍተው እኔ ነኝ። በዚህ ጉዳይ አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም።

ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ገና ያልደረቀበት ወቅት ላይ ከትምህርት ቤቱ ሦስት መምህራን ለዘመቻ ተመረጡ፤ አንዱ ወንድሜ ነው። ወደ ምዕራብ ሄደው፣ ድንኳን ውስጥ እየኖሩ፣ ለሰፋሪዎች የሣር ቤት ሊሠሩ ነው። ለአራት ወር ተባለ። ይዘው የሚመጡት ዕቃ ዝርዝር በአንድ ገጽ ተሰጣቸው፤ ብርድ ልብስ፣ ሳህንና ኩባያ፣ ኮዳ፣ የእጅ ባትሪ፣ ገጀራ። ከታች፣ "ዕቃው ያልተሟላ ዘማች እንዳልመጣ ይቆጠራል" ይላል። መሄጃቸው ቅዳሜ ነው።

ማክሰኞ ማታ ወንድሜ ዝርዝሩን ይዞ በእርሳስ ምልክት እያደረገ ወረደና ገጀራው ላይ ሲደርስ ቆመ።

"መዋስ አይቻልም?" አልኩት።

"ከማን?"

እውነቱን ነው። በዚያን ጊዜ ስለት የሚያውስ ሰው አልነበረም። መጥረቢያ ያዋሰ ሰው፣ ለማን አዋስህ፣ ለምን አዋስህ ይባል ነበር። ጎረቤታችን ያለው ገጀራ ለአጥር ሥራ ሲወጣ እናየዋለን፤ እሱም እንደምናየው ስለሚያውቅ ሥራውን ቶሎ ጨርሶ ያስገባዋል።

"መርካቶ ሄጄ እገዛለሁ" አለ ወንድሜ።

"አንተ አትሄድም።"

ለምን አላለኝም። ታስሮ በዋስ የተለቀቀ ሰው ገጀራ ሲገዛ ቢታይ ምን እንደሚባል ሁለታችንም እናውቃለን። ዝርዝሩን አጥፎ ሰጠኝ። "ይሄን ያዢ፤ ከጠየቁሽ ታሳያለሽ" አለ። እርሳሱን ኪሱ ከትቶ ደግሞ፣ "ውድ አትግዢ" አለ።

ሐሙስ ዕለት ለአለቃዬ ጥርሴን አሞኛል ብዬ ከምሳ በኋላ ፈቃድ ወሰድኩ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ገባሁ። አሮጌ ብረት የሚቀጠቀጥበት፣ በርሜል ምጣድ የሚሆንበት፣ የመኪና አጥንት መጥረቢያ የሚሆንበት ቦታ ነው። ሴት ለብቻዋ እምብዛም አትገባበትም። ክንዱ ላይ የእሳት ጠባሳ ያለበት አንድ ጎልማሳ ፊት ለፊት ገጀራዎች ተደርድረው አየሁና ቆምኩ።

"ምን ልስጥሽ የኔ እመቤት? ለአጥር ነው፣ ለሥጋ ነው፣ ወይስ ለባል?"

አጠገቡ ያሉት ሁሉ መዶሻቸውን አቁመው ሳቁ።

"ለሣርና ለቁጥቋጦ ነው" አልኩ።

"ተመስገን፣ ባልየው ተረፈ!" ብሎ ሦስት ገጀራ መርጦ ጆንያው ላይ አስቀመጠልኝ።

የመጀመሪያው የውጭ ነው። ያበራል፤ እጀታው ቀይ ነው። "ይሄን ከያዝሽ ዛፉ ራሱ ተኝቶ ይጠብቅሻል" አለ። ዋጋውን ሲነግረኝ መለስኩለት።

ሁለተኛው ከላሜራ የተሠራ ነው፤ ቀላል፣ ርካሽ። "እውነቱን ልንገርሽ፤ ይሄ ለጎመን ነው" አለና ጫፉን በጉልበቱ ተጭኖ አጎበጠው። ገጀራው እንደጎበጠ ቀረ። በእጁ መልሶ አቀናው፤ እንደ ቆርቆሮ ጮኸ።

ሦስተኛው ጥቁር ነው። "ባሌስትራ ነው፤ የጭነት መኪና ተሸክሞ የኖረ ብረት። ነይ፣ ያዢውና እይው።" ያዝኩት። "እንደሱ አይደለም። እጀታውን ከጫፉ ያዢ። ጫፉ ወደ ታች ሊወርድ እንደፈለገ ይሰማሻል? ጥሩ ገጀራ ራሱ መውረድ ይፈልጋል፤ አንቺ ማንሣት ብቻ ነው። ምስማሮቹንም ቁጠሪ። ሁለት ከሆነ አትግዢ፤ በሦስተኛው ቀን እጀታው እጅሽ ላይ ይቀራል። ይሄ ሦስት ነው። እንጨቱ ወይራ ነው፤ እጅሽ ቢያልበው አያንሸራትትሽም።" በድንጋይ መታው። እንደ ደወል ጠራ።

ጥቁሩን መረጥኩ። ሰውዬው የመረጥኩት ለብርታቱና ለዋጋው መስሎት አመሰገነኝ። እኔ ግን የወሰድኩት ስለማያበራ ነው። የሚያበራ ነገር ይዤ ከተማ ለከተማ መሄድ አልፈለግሁም።

"ሰገባውን ጨምሪበት" አለኝ። የቆዳ ነው፤ ለቀበቶ ማስገቢያ ተሰፍቶለታል። አየሁትና ደነገጥኩ። ወገብ ላይ የሚታጠቅ ነገር ነው። ሰገባ ያለው ብረት የጦር መሣሪያ ይመስላል፣ ሰገባ የሌለው ግን የሥራ ዕቃ ነው ብዬ አሰብኩ። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ያን ቀን ግን ትልቅ ጥንቃቄ መስሎ ታይቶኝ ነበር።

"አልፈልግም" አልኩት።

"እህቴ፣ ስለት እንዲሁ በባዶው በአውቶቡስ አይሄድም። ሰው ትቆርጪያለሽ።"

"በወረቀት ጠቅልልልኝ።"

ትከሻውን ሰበቀ። ከኋላው ካለው የአሮጌ ጋዜጣ ክምር አንሥቶ ጠቀለለው፤ በሲባጎ አሰረው። ወረቀቱ ላይ ምን እንዳለ እሱም አላየ፣ እኔም አላየሁ።

አውቶቡሱ ውስጥ መቀመጫ አገኘሁ። ገጀራውን ጭኔ ላይ አጋደምኩት። አጠገቤ ነጠላቸውን የተከናነቡ አሮጊት ተቀምጠዋል። መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው፤ አውቶቡሱ በዘለለ ቁጥር ገጀራው ጭኔ ላይ ይንሸራተታል፣ እኔም ጫን አድርጌ እይዘዋለሁ። ሳር ቤትን ካለፍን በኋላ አሮጊቷ በክርናቸው ነካ አደረጉኝ።

"ልጄ፣ ጭንሽ ላይ ያለውን አይተሽዋል?"

"ለሥራ ነው እማማ። ለአጥር ነው።"

"ብረቱን አላልኩሽም" አሉ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ። "ወረቀቱን።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የጋዜጣው የፊት ገጽ ነበር። ሊቀመንበሩ ከወገባቸው በላይ፣ በወታደር ልብስ፣ እጃቸውን አንሥተው። ጭኔ ላይ እየተንሸራተተ የመጣው ስለት ወረቀቱን በልቶ ወጥቷል። የወጣው ከአገጫቸው ሥር ነው። አንድ ጣት የሚያህል ጥቁር ብረት አንገታቸው ላይ ተጋድሞ ይታያል።

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። "እኔ ምንም አላየሁም" አሉ። ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም። በሚቀጥለው ፌርማታ ወረዱ። መውረጃቸው ይሁን አይሁን እሱንም አላውቅም።

በዚያን ጊዜ ያልኖረ ሰው አንድ የጋዜጣ ፎቶግራፍ ይህን ያህል ያስፈራል ወይ ይል ይሆናል። በሰፈራችን አንድ ሰው የሊቀመንበሩ ምስል ያለበትን ጋዜጣ አንጥፎ ተቀመጠበት ተብሎ ሦስት ቀን ታስሮ ወጥቷል። እሱ የተቀመጠ ነው። እኔ ደግሞ አንገታቸው ላይ ገጀራ ነው የያዝኩት። ያውም የታሰረ ሰው እህት ነኝ፤ ያውም ዋስ ነኝ። ያ ሦስት መስመር ወረቀት ፊቴ ላይ መጣ። አንዳች ነገር። የምታሰረው እኔ ብሆን እንኳ የሚጠየቀው እሱ ነው። ሊሄድ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

ከፊት ለፊታችን ወደ መካኒሳ የሚያሻግረው ድልድይ አለ። በእነዚያ ሳምንታት ድልድዩ ላይ የቀበሌ ጥበቃዎች አውቶቡስ እያስቆሙ ይፈትሹ ነበር። ምክንያቱ አልተነገረንም፤ አልጠየቅንምም።

ነጠላዬን ጣል ላደርግበት አስቤ ተውኩት። ነጠላ የተጣለበት ገጀራ የተደበቀ ገጀራ ነው። ወረቀቱን ልገንጥለው አልኩ፤ ሰው ፊት ምስሉን መቅደድ ነው። ልገልብጠው አልኩ፤ ስለቱ በሁለቱም በኩል ወጥቷል። የወረቀቱን ቁስል በመዳፌ ከደንኩና ከድልድዩ በፊት ያለው ፌርማታ ላይ ወረድኩ።

ወደ ወንዙ የሚወርድ የእግር መንገድ አለ። ወርጄ ቁጥቋጦ ከልሎኝ ተቀመጥኩ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው፤ ፀሐይ ነበር። ሲባጎውን ፈትቼ ወረቀቱን ስስብ ስለቱ ጨምሮ ቀደደው። እጄ ላይ የቀረው ምስል ጭንቅላቱ በአንድ በኩል ብቻ ተንጠልጥሏል።

እንዳላቃጥለው ክብሪት የለኝም። ወንዝ ብጥለው ተንሳፍፎ በድልድዩ ሥር ያልፋል። ቦርሳዬ ውስጥ ብከተው ጥበቃዎቹ ቦርሳ ይከፍታሉ፤ ወረቀት ካገኙ ደግሞ ሳይዘረጉ አይመልሱም። ደረቴ ውስጥ ብደብቀው ድልድዩ ላይ ሴት ፈታሽ አትጠፋም። ልቅበረው ብዬ በገጀራው ጫፍ መሬቱን ጫር ጫር ማድረግ ጀመርኩ። ወዲያ ማዶ አንድ ገበሬ ከብቶቹን ውኃ ሊያጠጣ ሲወርድ አየሁና አቆምኩ። ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጣ ጉድጓድ የምትቆፍር ሴት ምን ትባላለች?

በዚያው ማዶ ሁለት ሴቶች የሣር ሸክም ተሸክመው ወደ ድልድዩ ሲወጡ ታዩኝ። ጥበቃዎቹ እጃቸውን አወዛውዘው አሳለፏቸው።

ሣር ቆርጬ አላውቅም። በግራ እጄ ጨብጬ በገጀራው ከሥሩ መታሁት። ተቆረጠ። እንደገና መታሁ። እጀታው እጄ ላይ አልተንሸራተተም፤ እጄ ግን በላብ ርሶ ነበር። አንድ ጊዜ ድንጋይ መታሁና አለቀለት ብዬ አየሁት፤ ጭረት ብቻ ነው። ሰውዬው አልዋሸኝም። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፌ ከሣሩ መሐል ከተትኩ፤ በላዩ ሣር ጨመርኩ፤ በዚያው ሲባጎ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ሸክሙን ራሴ ላይ አደረግሁ፤ ገጀራውን እንዲሁ እርቃኑን በእጄ ይዤ ወደ ድልድዩ ወጣሁ።

ሁለት ጥበቃዎች ነበሩ። አንዱ ጠብመንጃውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሌላው፣ ዕድሜው ከወንድሜ ከፍ የሚል፣ የጭነት መውጊያ ቀጭን የብረት ዘንግ ይዞ ቆሟል። አጠገባቸው ባለው ምሰሶ አንድ በግ ታስሯል።

"አንቺ! ነይ እስቲ ወዲህ" አለኝ የቆመው። "ይሄ ምንድን ነው?"

"ገጀራ።"

"እሱንማ አየሁት፤ ዓይን አለኝ። ሣር በገጀራ ነው እንዴ የሚታጨደው?" ወደ ጓደኛው ዞረ። "አንተ፣ ና ተመልከት! ሣር ያረደች ሴት መጣችልህ!"

"ማጭድ የለኝም" አልኩ።

"እናትሽ ሣር ማጨድ አላስተማረችሽም?"

"እናት የለኝም።"

ሳቁን ተወ። ጫማዬን አየ፤ የቢሮ ጫማ ነው። እጄን አየ። "ሥራሽ ምንድን ነው?"

"ታይፒስት ነኝ።"

"ታዲያ ቀድመሽ አትናገሪም? ሣሩንም እንደ ደብዳቤ ነው ያሸግሽው። ሣር በሣር ነው የሚታሰር፣ በሲባጎ አይደለም። አውርጂው።"

አወረድኩ። ገጀራውን ከእጄ ተቀበለና በአውራ ጣቱ ስለቱን ዳሰሰ፤ በጥፍሩ መታ መታ አድርጎ አዳመጠው።

"ባሌስትራ ነው። ስንት አሉሽ?"

ነገርኩት።

"አልበሉሽም። ለመሆኑ ምን ሊሠራልሽ ነው?"

ዝርዝሩን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ እስከ መጨረሻው አነበበው። "ወንድሜ ዘማች ነው፤ ቅዳሜ ይሄዳል" አልኩ።

"ለዘማች ነዋ።" ስለቱን ወደ ራሱ አዙሮ እጀታውን ሰጠኝ። "ሰገባስ?"

"አልገዛሁም።"

"ተሳስተሻል። መግዛት ነበረብሽ።"

ከዚያ ዘንጉን አነሣና ሣሩን ወጋው። አንድ ጊዜ። አዙሮ ደግሞ ሁለተኛ። ዘንጉን በሳበ ቁጥር ጫፉን አያለሁ። ምንም አልያዘም። አለፈ ስል በጉን አየና እንደገና ሣሩን አየ።

"ይሄ በግ ከጠዋት ጀምሮ አፉ ላይ ነገር አልደረሰም። ሣሩን ለእሱ ተይለት። አንቺ ላም የለሽ፣ ምን ያደርግልሻል?"

ለአንድ እቅፍ ሣር የምትከራከር ታይፒስት ምን ትመስላለች? "እሺ" አልኩ። እንደታሰረ አንሥቶ በጉ ፊት ጣለው። በጉ ከዳር ዳሩ መንጨት ጀመረ።

"ሂጂ በቃ" አለኝ።

ሄድኩ። ዞር ብዬ አላየሁም። ቤት እስክደርስ የሰማሁት የራሴን እርምጃ ብቻ ነው።

ወንድሜ ገጀራውን ተቀብሎ እንደ ጥበቃው በጥፍሩ መታ አደረገው። ወንዶች ሁሉ እንዲህ ያደርጉ እንደሆነ እንጃ። "ጥሩ መርጠሻል" አለ። ሰገባ እንደሌለው ሲያይ አሮጌ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ፈልጎ፣ ቆርጦ፣ ያን ምሽት ቁጭ ብሎ ሰፋለት። ሲሰፋ አየዋለሁ። ልነግረው አፌን ሁለት ጊዜ ከፍቻለሁ። ብነግረው ግን ራሱ ሄዶ የእኔ ነው ይል ነበር፤ ያን ስለማውቅ ተውኩት። የበጉን አፍ እያሰብኩ ተኛሁ፤ ተኛሁ ከተባለ።

ዓርብ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በድልድዩ ማለፍ ግድ ነው። በጉ ቆሟል። ሣሩ በግማሽ ተበልቷል፤ ሲባጎው ግን አልተፈታም፣ የቀረውን እንደያዘ ነው። ዘንግ ይዞ የነበረው ሰው የለም። ማታ ስመለስ በጉም ሣሩም ከቦታው ተነሥተዋል፤ መሬቱም ተጠርጓል። ማን ጠረገው? ማን ፈታው? ያን ሌሊት የግቢው በር በነፋስ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ወንድሜ ብቻ ሳይሆን እኔም ተነሣሁ። ሁለታችንም በየክፍላችን ቆመን ነበር፤ ይሰማኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ሸኘሁት። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል፤ ስም እየተጠራ ነው። የቀበሌ ልብስ የለበሰ ሰው ባለፈ ቁጥር ወደ እኛ የሚመጣ ይመስለኛል። ወንድሜ ገጀራውን በከመነዳሪ ሰገባው ከብርድ ልብሱ ጋር አስሮታል። አንዱ ዕቃውን አይቶ ምልክት አደረገለት።

"ምነው እንዲህ ተከናነብሽ?" አለኝ።

"ብርድ ነው።"

"ሹራብ ለብሰሽ ብርድ?"

"ግባ ጋሼ፤ ይሄድብሃል።"

ገባ። አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ቆምኩ። ሲታጠፍ መጀመሪያ ያሰብኩት፣ አሁን ቢመጡ እኔን ብቻ ነው የሚያገኙት የሚል ነው። ደስታ አልነበረም፤ ግን ትንፋሼ ተመለሰ።

ሰኞ ጠዋት ድልድዩ ላይ፣ "አንቺ ታይፒስት!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ያ ጥበቃ ነው፤ በጉም ምሰሶው ሥር ተመልሶ ታስሯል። ዘንጉን እያወዛወዘ መጣና ከሰዎቹ ራቅ አድርጎ ወደ ድልድዩ ጠርዝ ወሰደኝ። ሲናገር ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ወንዙ ያያል።

"ሁለተኛ ሣር ስታስሪ ወረቀት አትቀላቅይበት።"

እኔም ወደ ወንዙ ዞርኩ።

"በግ ወረቀት ይበላል። ያን ግን ሳይበላው ደረስኩበት። ሲባጎውን የፈታሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አልነበረም።" ዘንጉን ወደ ሌላ እጁ አዛወረ። "ሻይ አፈላሁበት። ቶሎ ይነዳል።"

አመሰግናለሁ ልለው ፈለግሁ። ማመስገን ግን ወረቀቱ የእኔ ነው ማለት ነው። ሊያወጣጣኝና ቃሌን ሊቀበል ቢሆንስ? ጓደኛው ሃያ እርምጃ ላይ ቆሞ ያየናል።

"እሺ" አልኩ።

"እሺ ብቻ?"

"እሺ ጋሼ።"

ፈገግ አለ። የገባው ይመስለኛል። "ወንድምሽ ሄደ?"

"ሄደ።"

"በሰላም ይመለስ። ሂጂ፣ ሥራ ረፈደብሽ። ማጭድም ግዢ።"

ማጭድ ገዛሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጓሯችን ሣር አጭጄ፣ የሰፈሩ ሴቶች እንደሚያስሩት ሣር ገምጄ አሰርኩት። ሁለት ጊዜ ተፈታብኝ። ወስጄ በጉ ፊት አስቀመጥኩ። ጥበቃው ቋጠሮውን አየና፣ "ይሄ ሣር ይባላል" አለ። በጉ እስኪታረድ ድረስ በየቅዳሜው ወሰድኩ። በጉ ሲታረድም አልነገሩኝም፤ ከምሰሶው ተነሥቶ አየሁ እንጂ።

ፍርሃቴ ግን በዚያ አልቀረም። ወረቀቱን በእውነት አቃጥሎት ይሆን? ወይስ አንድ ቀን ሊያወጣው አስቀምጦት ይሆን? ደግ ሰው ነው ብዬ ማመን ያቅተኝ ነበር፤ ሰው እንዲህ ያለ ደግነት ሲያደርግ የሚከፍለውን አውቃለሁና። ወራት ሙሉ ድልድዩ ላይ ስደርስ መጀመሪያ የማየው የእሱን ፊት ነው። በኋላ ጥበቃዎቹ ተቀየሩ። ወዴት እንደሄደ አልሰማሁም፤ ስሙንም አላውቀውም፤ አልጠየቅሁትም።

ወንድሜ በአምስተኛው ወር ተመለሰ። ወባ ይዞት፣ ከስቶ፣ ጠቁሮ ነበር። ገጀራው ከነሰገባው ወገቡ ላይ ነበር። ሌሎቹ የዘማቾች ገጀራዎች ሁለት ምስማር ስለነበራቸው እጀታቸው እየወለቀ እሱን ይዋሱት እንደነበር ነገረኝ። "እዚያ ሰው ይዋዋሳል" አለ። ሲሻለው የጓሮውን አጥር በእሱ መለመለው። ስለ ጋዜጣው አልነገርኩትም። በኋላም፣ መንግሥት ተቀይሮ መናገር የማይከለከልበት ጊዜ ሲመጣ፣ አልነገርኩትም። አሁን ካረፈ ቆይቷል።

የከመነዳሪው ሰገባ ተሰነጣጥቆ ካለቀ ብዙ ዓመት ሆነው። ባለፈው የመጣው ሰውዬ ሥራውን ሲጨርስ ገጀራውን ጠራርጎ፣ ስለቱን ወደ እኔ አድርጎ ሊያቀብለኝ እጁን ዘረጋ።

"እንደሱ አይደለም" አልኩት። ከእጁ ተቀብዬ፣ ስለቱን ወደ ራሴ አዙሬ፣ እጀታውን ወደ እሱ አድርጌ አሳየሁት። "ስለት ለሰው ሲሰጥ እንዲህ ነው።"

"ማን አስተማረዎት እማማ?" አለኝ እየሳቀ።

"አንድ ያላመሰገንኩት ሰው" አልኩትና ገጀራውን ወደ ማድ ቤት ይዤ ገባሁ።